የመስከረም ዕቅድ ጥቅምት ሳይገባ ለምን ይቀዘቅዛል?

ጳጉሜን ላይ ዕቅድ የሌለው ሰው የለም። አንዱ እንግሊዝኛውን ያሻሽላል፣ ሌላው ሁለተኛ ዲግሪ ይጀምራል፣ ሲጋራ የሚተው አለ፣ ጠዋት ጠዋት ሊሮጥ ጫማ የሚገዛም አለ። አደይ አበባ ሲፈነዳ ዕቅዱም አብሮ ይፈነዳል። ደመራው ተለኩሶ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን አዲሱ ደብተር ሦስት ገጽ ብቻ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ሰው ፍርዱን ወደ ራሱ ያዞራል፤ «ወረተኛ ነኝ፣ ሰነፍ ነኝ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የጠፋውን ወኔ ፍለጋ ወደ አነቃቂ ንግግር ይሄዳል። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጭባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ በእልህ ተሞልቶ ይወጣል። ረቡዕ ሲደርስ ያ እልህ የለም፤ ሰውየውም ራሱን ከበፊቱ ይበልጥ ይንቃል።

ይህ ራስን መናቅ ብዙ ሰው ያለ አግባቡ የሚሸከመው ሸክም ስለሆነ ነው ይህን ማብራሪያ የምጽፈው። ተነሳሽነት እንዴት እንደሚመጣና ለምን እንደሚሄድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በቤተ ሙከራም በሰው ኑሮ ውስጥም ተጠንቷል። ከጥናቶቹ የሚገኘው ሥዕል ከአዳራሹ ንግግር ይለያል። ብዙዎቻችን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ይዘነዋል፤ መጀመሪያ ወኔ ይመጣል፣ ከዚያ ሥራው ይጀመራል ብለን እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው ተጀምሮ ትንሽ ሲገፋ ነው ወኔው የሚከተለው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ወኔ በሌለበት ቀን ሥራው እንዲጀመር ሁኔታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ላይ ነው።

በእንቁጣጣሽ መነሳሳታችን በራሱ ሐሰት አይደለም። ሄንግቼን ዳይ፣ ካተሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ሰዎች ስለ ክብደት መቀነስ በኢንተርኔት የሚያደርጉት ፍለጋና ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ የሚሄዱበት ብዛት በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ እንደሚጨምር አሳይተዋል። አዲስ ምዕራፍ ሲከፈት ሰው ያለፈውን ድካሙን ለአሮጌው ዘመን ትቶ ራሱን እንደ አዲስ ሰው ያያል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሊጠቀሙበት ይገባል። ነገር ግን የቀን መቁጠሪያው የሚሰጠው መጀመሪያውን ብቻ ነው። ኅዳር 14 ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ ሰውነት ዝሎ ከሥራ ሲመለሱ የሚደግፍ ምንም ነገር አይሰጥም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ለምን እንደሚከስም በከፊል የሚያስረዳ ሥራ አለ። በ1990ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው የአንጎል ተመራማሪ ዎልፍራም ሹልትዝ የጦጣዎችን የአንጎል ሴሎች እንቅስቃሴ ይመዘግብ ነበር። ጦጣዋ ያልጠበቀችው የፍራፍሬ ጭማቂ ጠብ ሲልላት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩት ሴሎች ሞቅ ብለው ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ ምልክት እንዲታይ ሲደረግ ግን፣ ጦጣዋ ከለመደች በኋላ ሴሎቹ የሚነቁት በምልክቱ ነው፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ እንደ ወትሯቸው ይሆናሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ሴሎቹ የሚመዝኑት ከተጠበቀው የበለጠውን ወይም ያነሰውን ነው ማለት ነው።

ይህን ይዘን ቋንቋ መማር የጀመረን ሰው እናስብ። እስራኤል ደርሶ ኡልፓን የሚባለው የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት የገባ፣ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚማር ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያውቃት እያንዳንዷ ቃል ድንገተኛ ሽልማት ናት። በስድስተኛው ሳምንት ያው ብዛት ያላቸው ቃላት ይጨመሩለታል፤ ግን ይጠብቃቸዋልና አያስደስቱትም። «በሦስት ወር አቀላጥፌ እናገራለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ከነበረ ደግሞ ይባስ፤ እውነተኛ እድገቱ ከጠበቀው በታች ስለሆነ እያደገም ሳለ የወደቀ ይመስለዋል። መሰልቸቱን «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ስህተት ነው። የጠፋው አዲስነቱ ነው፤ ትምህርቱ ግን እየገባው ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በስድስተኛው ሳምንት አይደነግጥም።

አሁን ብዙ አንባቢ ቅር ወደሚሰኝበት ነጥብ እንምጣ፤ እሱም አዎንታዊ አስተሳሰብ ነው። «ስኬትህን በዓይነ ሕሊናህ ተመልከት፤ መኪናውን እየነዳህ፣ ቤቱ ውስጥ እየኖርክ እየው» የሚለው ምክር በየመድረኩ ይሰጣል። ጋብሪኤለ ኧቲንገን የተባለች ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ምክር ዕድሜዋን ሙሉ ስትመረምር ኖራለች። በ1991 ከቶማስ ዋደን ጋር ባሳተመችው ጥናት ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ 25 ሴቶች ተካፍለው ነበር። ሴቶቹ ሁለት ነገር ተጠየቁ። አንደኛው ይሳካልኛል ብለው ምን ያህል እንደሚገምቱ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ቀጥነው፣ ወይም ጣፋጭ ምግብ ቀርቦላቸው በሐሳባቸው ምን እንደሚታያቸው። ከዓመት በኋላ ይሳካልኛል ብለው የገመቱት የበለጠ ክብደት ቀንሰው ተገኙ። በሐሳባቸው ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆኖ ይታያቸው የነበሩት ግን ፈተናውና ድክመታቸው ከታያቸው ሴቶች 11 ኪሎ ያህል ያነሰ ነው የቀነሱት።

ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። አንዱ ግምት ነው። ባለፈ ልምድ ላይ ቆሞ «ብደክምም እችለዋለሁ» የሚል ነው፤ ይህ ይረዳል። ሁለተኛው ምኞት ነው፤ ድካሙን ዘልሎ ፍሬው ላይ የሚያርፍ ነው፤ ይህ ይጎዳል። ኧቲንገን ከዶሪስ ማየር ጋር ሥራ ፈላጊ ምሩቃንን ስታጠናም ያንኑ አገኘች። ጥሩ ሥራ ይዘው በሐሳባቸው አዘውትረው የሚታያቸው ወጣቶች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ያስገቡት ማመልከቻ አነስተኛ፣ የቀረበላቸው ሥራ ጥቂት፣ ደመወዛቸውም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2011 ከሄዘር ካፕስ ጋር ባወጣችው ሌላ ጥናት ደግሞ በጣፋጭ ምኞት ውስጥ የቆዩ ሰዎች የደም ግፊታቸው ዝቅ ብሎ ተለካ። አካላቸው ልክ ከደረሱበት በኋላ እንደሚያርፍ ሰው ዘና ብሎ ነበር። ገና ያልተነሳ ሰው ማረፉ ነው ጉዳቱ። በአነቃቂ ንግግር ማግሥት የሚሰማው ልፍስፍስ ማለትም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ይመስለኛል፤ ድሉ በአዳራሹ ውስጥ ተቀምሶ አልቋል።

ታዲያ ኧቲንገን ተስፋ እንቁረጥ ማለቷ አይደለም። ያቀረበችው መንገድ ምኞትንና መሰናክልን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። መጀመሪያ የሚፈልጉትን በግልጽ ያስቡታል፤ ሳይዘገዩ ደግሞ በራሳቸው ውስጥ ያለውን ትልቁን ማነቆ ይፈልጋሉ። «በራሳቸው ውስጥ» የሚለው እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል። ቀን ባንክ ቤት እየሠራ ማታ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማርን ሰው ብንወስድ የመጀመሪያ መልሱ «ጊዜ የለኝም» ነው። ትንሽ ጠለቅ ብሎ ሲያይ ግን ከእራት በኋላ «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ስልኩን ያነሣና አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚያልፍ ያገኘዋል። ይበልጥ ሲያይ ደግሞ ስልኩን የሚያነሣው የስታትስቲክስ ትምህርቱ ስለሚያስፈራው መሆኑን ይደርስበታል። ማነቆው ተገኘ ማለት ነው። ይህ ማሰብ ሌላም ጥቅም አለው፤ መሰናክሉ ፈጽሞ የማይታለፍ ሆኖ የተገኘ ሰው ግቡን ለውጦ ወይም ለሌላ ጊዜ አቆይቶ ጉልበቱን ያተርፋል። አንዳንድ ግብን መተው ብልህነት ነው፤ በመድረክ ላይ ይህን የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ማነቆው ከታወቀ በኋላ የሚደረገውን የሥነ ልቦና ሊቁ ፒተር ጎልቪትዘር አጥንቶታል። እኔም ከዚህ ሁሉ ጥናት አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የእሱን ነው የምመርጠው፤ ቀላል ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ተደጋግሞ ተፈትኗል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። «እማራለሁ» ብሎ መወሰን አይበቃም፤ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ ሰዓቱ፣ ቦታውና ድርጊቱ አንድ ላይ መታሰር አለባቸው። በ1997 ከቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ጋር በታተመው ጥናት ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በበዓሉ ሰሞን በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ከተደረጉት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ጽፈው ላኩ። እንዲሁ ለመጻፍ ብቻ ካሰቡት የላከው ከሦስቱ አንድ ያህሉ ነው። በ2006 ጎልቪትዘርና ፓስካል ሺራን 94 ፍተሻዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ ዘዴው በተለያየ ዓይነት ግብ ላይ እንደሚሠራ አረጋግጠዋል።

ለምን ይሠራል? ውሳኔው ወኔ ካለበት ሰዓት ወደ ደከሙበት ሰዓት ስለሚሻገር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ላጥና ወይስ ልረፍ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ከድካሙ ጋር ድርድር ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ ሰዓት ድካም ሁልጊዜ የተሻለ ተደራዳሪ ነው። «እራት ተበልቶ ገበታው እንደተነሣ ስልኬን መኝታ ቤት አስቀምጬ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ» ብሎ እሑድ ዕለት የወሰነ ግን የሚደራደርበት ነገር የለውም፤ ገበታው መነሣቱ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። በእኛ ኑሮ ደግሞ ለመሰናክሉም እንዲሁ መዘጋጀት ይቻላል። «መብራት ከጠፋ በወረቀት የጻፍኳቸውን ቃላት በሻማ እከልሳለሁ»፤ «እንግዳ ከመጣ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሃያ ደቂቃ አጠናለሁ»፤ «ትራንስፖርት ሰልፍ ላይ ከቆምኩ የተቀዳውን ትምህርት በጆሮዬ እሰማለሁ»። ዕቅዱ ሰልፉንም፣ መብራቱንም፣ እንግዳውንም አስቀድሞ ከቆጠራቸው ዕቅድ አፍራሽ መሆናቸው ይቀንሳል።

ድርጊቱ ደግሞ ትንሽ መሆን አለበት፤ መጥፎ በሚባል ቀን እንኳ የሚቻል። አሥር ደቂቃ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ። ብዙ ሰው ትንሽነቱን ይንቀዋል። ነገር ግን የሚከብደው መቀመጡ ነው፤ ከተቀመጡ በኋላ አሥሩ ደቂቃ ብዙ ጊዜ ሠላሳ ይሆናል። ባይሆንም አሥሩ ተሠርቷል።

«ልማድ በ21 ቀን ይሠራል» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ያወጡት ጥናት ይህን አይደግፍም። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ የመብል፣ የመጠጥ ወይም የአካል እንቅስቃሴ ልማድ መርጠው ለ12 ሳምንታት ሞከሩ። ድርጊቱ ያለ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ይለያይ እንደነበር ተሰላ። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። በ21ኛው ቀን ገና እየተናነቀ ያለ ሰው እንግዲህ ምንም አልጎደለበትም። ከጥናቱ ውስጥ ለእኔ የበለጠ ዋጋ ያለው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መሠራት ይህን ያህል አላሰናከለውም። አንድ ቀን ስለ ዘለለ ሁሉን የሚተው ሰው የሚወድቀው በዚያች ቀን ሳይሆን ስለዚያች ቀን በሚሰጠው ፍርድ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ግቡ የራስ ከሆነ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎች ደስ የሚል የመገጣጠም እንቆቅልሽ ይሠሩ ነበር። ከፊሎቹ በመካከል በእያንዳንዱ መፍትሔ ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ክፍያው ሲቆም በዕረፍት ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ብለው ሞከሩ፤ ከሳምንታት በኋላ እነዚህ ልጆች በራሳቸው ፈቃድ የሚሥሉበት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ሆነ። ዴሲና ሪቻርድ ራያን ከዚህ ተነሥተው ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ተነሳሽነት እንዲዘልቅ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ። ሥራው በራሱ ምርጫ የሚደረግ መሆኑ፣ እየቻለው መሄዱ፣ ከሰው ጋር መተሳሰሩ።

የመጀመሪያው ለብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣት የሚያም ቦታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ያልመረጠው ትምህርት ክፍል የጣለው አለ። ነጭ ጋወን ለብሶ ማየት የእናትና የአባቱ ሕልም ስለሆነ ብቻ ሕክምና የሚማር አለ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «በርታ፣ ተነሣሣ» እያሉ መገፋፋት ብዙም አያራምደውም። ትምህርቱን መተው የማይችል ከሆነ ግን በውስጡ የራሱ የሆነ ጥግ ሊፈልግ ይችላል። አካውንቲንግ ያልወደደ ልጅ የእናቱን ሱቅ ሒሳብ እየያዘ ትርፍና ኪሳራዋን ሲያሳያት ትምህርቱ የእሱ መሆን ይጀምራል። ዴሲና ራያንም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ደስ የማይል ሥራ እንኳ ምክንያቱ ከልብ ከታመነበት ከራስ ፈቃድ እንደ መጣ ይቆጠራል። ለወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁ በራሱ የሚወደውን ንባብ በገንዘብ አትግዙት። ከማያነብ ልጅ ጋር ሽልማት መጀመሪያ ላይ ሊያግዝ ይችል ይሆናል፤ የሚያነበውን ግን ሊያስተው ይችላል።

ሦስተኛው፣ ማለትም ትስስሩ፣ እኛ ዘንድ ጥልቅ ሥር አለው። እቁብን እንመልከት። ብቻውን አንድ ሺህ ብር መቆጠብ ያቃተው ሰው በእቁብ ለዓመታት ሳያጓድል ይጥላል። ጠባዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። ቀኑ የታወቀ ነው፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ነው ገንዘቡን የሚወስደው። በዚያች ዕለት ወኔ አለኝ ወይ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ የለም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን መሰል ራስን አስቀድሞ የማሰር ዘዴ ፊሊፒንስ ውስጥ በባንክ ፈትነውታል። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ራሳቸው የወሰኑት ቀን ወይም መጠን ሳይደርስ ገንዘብ ማውጣት የማይቻልበት ሒሳብ ከቀረበላቸው ደንበኞች መካከል የተቀበለው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከዓመት በኋላ የቡድኑ አማካይ ቁጠባ ካልቀረበላቸው ደንበኞች ጋር ሲነጻጸር በ81 በመቶ አደገ።

ለገንዘብ የሚሠራው ለትምህርትም ይሠራል። ዋሽንግተን አካባቢ ለነርስነት ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ሦስት እህቶች ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአንዷ ቤት ለመገናኘት ቢስማሙ፣ ቡናው ተፈልቶ ሁለቱ እየጠበቁ ሦስተኛዋ መቅረት ይከብዳታል። የሯጮቻችንም ምስጢር በከፊል ይህ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ እንጦጦ የሚወጡት በቡድን ነው፤ አንዱ ፍጥነቱን ይመራል፣ ሌሎቹ እግሩን ተከትለው ይሮጣሉ። ብርዱ ለማንም አይጥምም። ግን ጓደኛ ይጠብቃል።

ስለ መውደቅ ደግሞ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው መንገዱን የሚተወው እዚህ ላይ ነውና። ካናዳ በሚገኘው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ማይክል ዎልና ባልደረቦቹ 119 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ተከታተሉ፤ ጥናቱ በ2010 ታተመ። ለመጀመሪያው ፈተና ዝግጅቱን ሲያዘገዩ ከቆዩት ውስጥ ለዚህ ጥፋታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሁለተኛው ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ራስን መውቀስ ያስተካክላል ብለን ነው ያደግነው፤ ቁጣ የሰው ልጅን ያርማል ይባላል። ነገር ግን ውርደት የተቀላቀለበትን ሥራ ሰው ይሸሸዋል። ደብተሩ ባየው ቁጥር «አንተ የማትረባ» የሚለው ከሆነ ደብተሩን አይከፍተውም። ራስን ይቅር ማለት ጥፋቱን መካድ አይደለም፤ «አላጠናሁም፤ ይህ ጥፋት ነው፤ ነገ ከእራት በኋላ እቀመጣለሁ» ብሎ መቀጠል ነው።

የደራርቱ ቱሉን የሩጫ ዘመን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሁለት ደማቅ ቀኖች ነው። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት ዳግመኛ አሸነፈች። በመካከሉ ያሉት ስምንት ዓመታት ግን ጉዳት ነበረባቸው፣ በአትላንታ አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳሊያ የተመለሰችበት 1996 ነበረባቸው፣ ልጅ የወለደችበትም ጊዜ ነበረባቸው። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከአትላንታ ማግሥት ቆሞ በኦሊምፒክ ውጤቷ ብቻ የመዘናት ሰው ማሽቆልቆል ነበር የሚያየው። በእርግጥ እንደ እሷ ያለ ሕይወት በጥንቃቄ ሊነገር ይገባዋል። ያንኑ ያህል ለፍተው መድረክ ላይ ያልወጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሯጮች አሉ፤ የእነሱን ታሪክ አንሰማምና ልፋት ሁልጊዜ ወርቅ ያመጣል ብለን እንድንደመድም ያደርገናል። ከደራርቱ የሚወሰደው ነገር ከዚህ ያነሰ፣ ግን የታመነ ነው፤ መጥፎ ዓመት ስለሚቀጥለው ዓመት የሚናገረው ጥቂት ነው።

ተነሳሽነት የማይፈታው ነገርም አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሰውን መበደል ነው። አናንዲ ማኒና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ምርት ከመሰብሰቡ በፊትና በኋላ የማሰብ ፈተና ሰጧቸው። እነዚያው ሰዎች እጃቸው ባጠረበት ወቅት የፈተና ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ታየ፤ ገንዘብ ከገባ በኋላ ከፍ አለ። የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚከፍል ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረ ሰው ለትምህርቱ የሚተርፍ ሐሳብ ቢያጣ የወኔ ጉድለት አይደለም። ሪያድ ወይም ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ እህት «ጊዜሽን ተጠቀሚበት» ስትባል የሚሰማት ስድብ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ትክክለኛው ዕቅድ ግቡን ማሳነስና ሐሳቡ በሚቀልበት ጊዜ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከባዱን ትምህርት ደመወዝ በተከፈለበት ሳምንት፣ ቀላሉን ክለሳ በወሩ መጨረሻ ማድረግ ይቻላል። ማመልከቻ መጻፍና ውል መፈረምን የመሳሰለ ትልቅ ውሳኔም ከተቻለ እጅ ባጠረበት ሰሞን ባይደረግ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ደግሞ አንድ ሁኔታ አለ። አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ከተከፋ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ከአልጋ መነሣት ከከበደውና የማልረባ ነኝ የሚል ሐሳብ ካልለቀቀው፣ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ድባቴ ሕክምና አለው፤ በንግግርም በመድኃኒትም ይታከማል። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይችላል፤ በሌላ ቦታ ያለም በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ቢጀምር ወደሚመለከተው ይልኩታል። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሰው አብሮት ይሂድ። ቤተሰብም «በርታ፣ ጠንከር በል» ከማለት ይልቅ ቀኑን ቆርጦ፣ ታክሲውን ይዞ፣ ወረፋው ላይ አብሮት ቢቀመጥ የበለጠ ይረዳዋል።